ሞተሯ ከሸራ ስር

ይቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምረናታል። የመጀመሪያዋ ስድብ ሆነች፤ ሁለተኛዋ ለቅሶ ሆነች፤ ሁለቱንም ቀደድናቸው። አሁን የምታነቧት ሦስተኛዋ ናት። ኑዛዜ ቢጤ ናት። የንስሐ አባታችን እናንተ ናችሁና ቀኖናውን አታክብዱብን።

እኛ አራት የሰፈር ልጆች ነን። በ2010 ዓ.ም. እቁብ ጥለን፣ የጎደለውን ከእህትና ከአክስት ለቃቅመን፣ አንዲት ያገለገለች ቀይ አፓቼ ሞተር ገዛን። ሊብሬው በአንዳችን ስም ይሁን እንጂ ሞተሯ የአራታችን ነበረች። ከመርካቶ የሞባይል ከቨርና ቻርጀር እየጫንን ለሰፈር ሱቆች እናደርሳለን፤ ትርፉን እንካፈላለን። የልደት ኬክ ያመላለስንበት ጊዜም አለ (ስለ ክሬሙ ግን አትጠይቁን)።

መንጃ ፈቃድ የነበረው ከአራታችን አንዱ ብቻ ነው። የቀረነው ሦስታችን ሞተር የተማርነው እሁድ በማለዳ፣ ኳስ ተጫዋቾች ሳይመጡ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ሙሉ ትምህርቱ ይኸውላችሁ፦ «ፍሪሲዮን ያዝ፣ ማርሽ አስገባ፣ ቀስ እያልክ ልቀቅ፣ ነዳጅ ስጥ።» ስለ ፍሬን ስንጠይቅ «እሱ ሲመጣብህ ራሱ ያስይዝሃል» ተባልን። በዚሁ ተመረቅን። ደግነቱ የመርካቶውን አስፋልት ሁሌም የሚይዘው ባለ መንጃ ፈቃዱ ነበር፤ እኛ ከሰፈር አንወጣም።

ከዚያ ሰኔ 2011 ዓ.ም. መጣ። የያኔው የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ፣ ከሰኔ 30 ጀምሮ በከተማዋ ሞተር መንዳት እንደሚከለከል አስታወቁ። ምክንያቱም ብዙ ዘረፋ የሚፈጸመው በሞተር መሆኑ በጥናት ታውቋል የሚል ነበር። የሥራ ፈቃድ ያላቸው፣ የፖስታና የኤምባሲ ሞተሮች ክልከላው አይመለከታቸውም ተባለ። የእኛ አፓቼ ፖስታም ኤምባሲም አይደለችም። የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገርም በህልማችን አይተን አናውቅም።

«እኛ ምን አጠፋን?» ነበር የመጀመሪያ ቃላችን። ተነጥቀን እናውቃለን እንጂ ነጥቀን አናውቅም! እውነቱን ለመናገር፣ ከአራታችን አንዱ ሞባይሉን የተነጠቀው በሞተር በመጡ ሁለት ልጆች ነው። ይህን በዚያ ሰሞን ማንሳት ግን እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር።

የሰፈራችን ሞተረኞች የሚሰበሰቡባት የጀበና ቡና ቤት በአንድ ቀን ፓርላማ ሆነች። አንዱ ሞተሩን በርካሽ ወደ ክፍለ ሀገር ሸጠ። አንዱ ዘመዶቹ ጋ አስቀመጣት። አንዱ ከማያውቀው ድርጅት «ሠራተኛችን ነው» የሚል ደብዳቤ አጽፎ መጣ። ተመዝግቦ በሕግ ለመሥራት ፋይል ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ አንድ ልጅም ነበር፤ «የዋህ!» ብለን ሳቅንበት። የቀሩት ትራፊክ የሚቆምባቸውን ቦታዎች በቃላቸው ይዘው፣ በማታ፣ ውስጥ ለውስጥ መንዳት ጀመሩ። እኛም ከእነሱ ጋር ተደመርን።

ቀን ቀን ሞተሯ ግቢ ውስጥ ከሸራ ስር ትተኛለች። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሸራውን ገፈን እናስነሳታለን። ልብ በሉ፤ ከክልከላው በፊት በቀን ብርሃን፣ አስፋልቱን የሚነዳው ባለ መንጃ ፈቃዱ ነበር። ከክልከላው በኋላ በጨለማ፣ በዝናብ፣ ሁላችንም በተራ ነዳን። «አራታችንም እኩል ሕገ ወጥ ከሆንን መንጃ ፈቃዱ ምን ይሠራል?» ተባባልን። ያኔ ብልህነት መስሎን ነበር።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ማታ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ጓደኛችን (ስሙን እንዳንጽፍ ስላስማለን «ትንሹ» እንበለው) ይነዳ ነበር። አንዳችን ከኋላው ተፈናጧል። ያለን ሄልሜት አንድ ነው፤ እሱም ቤት ቀርቷል። ለምን ብትሉ፣ ሄልሜት ያደረገ ሰው ሞተረኛ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል ብለን ነው። አዎ፣ ሞተር ላይ ተቀምጠን!

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ብልጭ አለ። ትራፊክ! ትንሹ የፊቱን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀው።

አሁን ተምረን አውቀነዋል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማ በፍሬን ድርቅ ብሎ ከተያዘ መሽከርከሩን ያቆማል፤ የማይሽከረከር ጎማ ደግሞ መሪ አይታዘዝም፤ ሞተሩ በጎኑ ይተኛል። ፍሬን የሚያዘው በሁለቱም ጎማ፣ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ነው። ለማስረዳት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያንን አሥር ደቂቃ ማንም አልሰጠንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የትንሹ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። የተፈናጠጠው ተፈነከተ፤ ግንባሩ ተሰፋ። ያ ባለ ሰደርያ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ? የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ የሆኑ እናት ነበሩ። መጥረጊያቸውን ጥለው «አይዟችሁ ልጆቼ» እያሉ ሮጡልን፤ በነጠላቸው ደሙን ያዙ፤ ላዳ ያስቆሙልንም እሳቸው ናቸው። እግር የተሰበረው ከእሳቸው ለማምለጥ ነው።

ለትንሹ እናት «መኪና ገጭቶት አመለጠ» አልናቸው። እሳቸውም ያንን የሌለ ሾፌር ለዓመታት ረገሙት። ቡና በተፈላ ቁጥር ይረግሙታል። እኛም እርግማኑ ማን ላይ እንደሚያርፍ እያወቅን አሜን እንል ነበር።

ትንሹ አልጋ ላይ እያለ ለንደን ያደገ የአክስቱ ልጅ ደወለለት። እሱም ሞተር ወዳድ ነው፤ ሊያጽናና ደውሎ ስለ አገሩ ሕግ ሲያማርር ዋለ። እዚያ በ17 ዓመት የምትፈቀደው ከ125 ሲሲና ከ11 ኪሎዋት ያልበለጠች ሞተር ናት። እሷንም መሠረታዊ ሥልጠና ወስደህ፣ የለማጅ ምልክት ለጥፈህ፣ ሰው ሳታፈናጥጥ ነው። በ19 ዓመት ተፈትነህ ካለፍክ እስከ 35 ኪሎዋት ይፈቀድልሃል። ያለ ገደብ የፈለግከውን ለመንዳት በዚያ ደረጃ ሁለት ዓመት ቆይተህ 21 ዓመት ሊሞላህ፣ አለዚያም 24 ዓመት ሞልቶህ በቀጥታ ልትፈተን ይገባል። እንዲህ የጠበቀው ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ነው። ፈተናው ላይ ቢያንስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ባንዴ ማቆም አለ።

«እንደ ሕፃን ነው የሚቆጥሩን!» አለ ልጁ። ትንሹ ጄሶ የተለበጠ እግሩን እያየ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ብዙ ያሰብንበት እዚህ ላይ ነው። የእነሱም ደንብ ጥብቅ ነው፤ የእኛም ጥብቅ ነበር። የእነሱ ግን መሰላል ነው፤ «ይህን ካሳየኸኝ ቀጣዩን እሰጥሃለሁ» ይላል። ወጣቱ ቢያማርርም ቀጣዩ እርከን ይታየዋል። የእኛ ግን አጥር ነበር። አጥር ያየ ወጣት ደግሞ በየት በኩል እንደሚዘለል ነው የሚያጠናው። ደንቡ ሌባውንና ኬክ አመላላሹን በአንድ ሸራ ስር ከተተን ብለን የተቆጣነው ቁጣ ዛሬም ትክክል ይመስለናል።

ኑዛዜው ግን ይህ አይደለም። ኑዛዜው አጥሩ ለእኛም ተመችቶን እንደነበር ነው። «ሌቦች ናችሁ ወይ?» ተብለን «አይደለንም!» ብሎ መጮህ ቀላል ነበር። «መንዳት ትችላላችሁ ወይ?» ብንባል ግን ከአራታችን ሦስታችን አንገታችንን እንደፋ ነበር። ያንን ጥያቄ ያልጠየቀን መንግሥት ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳችንም አልተጠያየቅንም። በደንቡ መቆጣታችን ከዚህ ጥያቄ መሸሸጊያ ሆነን።

ዓመታት አለፉ። ያ የሳቅንበት «የዋህ» ዛሬ ከኋላው ሳጥን ጭኖ፣ ሰደርያ ለብሶ፣ ምግብ ያደርሳል፤ ትራፊክ ሲያይ መንገድ አይቀይርም። እኛም ዘግይተንም ቢሆን ተምረን መንጃ ፈቃድ አወጣን። ትንሹም አወጣ፤ ክረምት ሲገባ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ባለፈው ፋሲካ፣ ቡናው ቀርቦ እርግማኑ ሲጀመር፣ ትንሹ እናቱን አቋርጦ እውነቱን ነገራቸው። እኛ መሬት መሬቱን እናያለን። እናትየው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የረገምኩት ልጄን ነው?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

በሳምንቱ ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ሄልሜት አስቀምጠዋል። «ይሄ ለሚፈናጠጠው ነው» አሉ።

ቸር ይግጠመን።