«ስልኩ ወጣ ወይ?»

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንድ ስልክ ነው፤ ያውም ስላልገዛሁት ስልክ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አይፎን 16 ሊወጣ ነው ሲባል ከጠባቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። አፕል አዲስ ሞዴሉን በፈረንጆቹ መስከረም ማውጣት ልማድ ካደረገው ቆይቷል። ሰዉ በጳጉሜ የበግ ዋጋ ሲጠይቅ፣ የስልክ ፍቅር ያደረበት ደግሞ እሱን ይጠይቃል። ገና ሐምሌ ላይ ስለ ስልኩ የማላውቀው አልነበረም። ከጎኑ የካሜራ ቁልፍ እንደሚጨመርለት ሳይቀር እያወራሁ ሰው አሰልችቻለሁ። ከሥራ ስገባ ልጆቼን በቅጡ ሰላም ሳልል ቪዲዮ እከፍታለሁ።

የሚገርመው፣ ሰኔ ላይ ምንም ያላለኝ የእጄ ስልክ ሐምሌ ላይ አስጠላኝ። አልወደቀ፣ አልተሰበረ፤ ያው ስልክ ነው። ባትሪው ከቀትር እንደማያልፍ ድሮም አውቃለሁ፤ ግን አዲስ ነገር ያገኘሁ ይመስል ለባለቤቴ በየቀኑ እነግራት ጀመር። እሷም «ቻርጀርህን ይዘህ ሂዳ!» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

እናቴ ኮልፌ ነው የምትኖረው። ከጁምዓ በኋላ እሷ ዘንድ ምሳ እበላለሁ። በዚያው ሰዓት ጅዳ ያለችው ታናሽ እህቴ በኢሞ ትደውላለች፤ ሰው ቤት ስለምትሠራ ዕረፍቷ ጁምዓ ብቻ ነው። በዚያ ክረምት ታዲያ እናቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ስልኩ ወጣ ወይ?» ትለኛለች። «አልወጣም እማዬ፤ ጳጉሜ ነው» እላታለሁ። «አብሽር፣ ይደርሳል» ትላለች። ለእኔ ብላ የጓጓች መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኮልፌ ቁጭ ብላ የአፕልን ወሬ የምትጠይቅ እናት አለችኝ እያልኩ ጓደኞቼንም አስቄበታለሁ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የቀደመው አይፎን 15 አሜሪካ ውስጥ 799 ዶላር ስለነበር አዲሱም ከዚያ አይርቅም ብዬ አሰላሁ። ዱባይ የሚሠራ ወዳጄ ለወዳጅነታችን ሲል በባንኩ ምንዛሪ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ነበር (ነጋዴው በስንት እንደሚያሰላ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገረውም)። ያኔ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 46 ሺህ ብር አጠራቅሜ ተቀመጥኩ። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ዶላሩ መቶ ብርን አለፈ። እኔ የምጠብቀው ስልክ ገና ሳይወጣ ሰማንያ ሺህ ገባ።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ይተዋል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን የእጄን ሸጬ ልጨምርበት አሰብኩ። በነሐሴ መጨረሻ መርካቶ ወደ አንድ ሞባይል ቤት ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየና «ስልኩ ደህና ነው፤ የደከመው ባትሪው ነው። ቀይረኸው ብትመጣ ዋጋ ያወጣልሃል» አለኝ።

ማታ ስለ ባትሪ ሳነብ አመሸሁ። ሊቲየም አዮን ባትሪ በተሞላ ቁጥር ጥቂት ጥቂት አቅም ያጣል። ብዙዎቹ የተሠሩት ወደ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞሉ በኋላ ከመጀመሪያ አቅማቸው 80 በመቶ ያህሉ እንዲቀራቸው ነው። በየቀኑ ለሚሞላ ሰው ይህ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሆንም። አፕልም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ባትሪያቸው የደከመ አሮጌ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ የባትሪ መቀየሪያውንም ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አውርዶ ነበር። የእኔ ስልክ የሌላ ፋብሪካ ነው። ቢሆንም ከዚያ በፊት ስንቱ ሰው ባትሪ መቀየር ሲበቃው ስልክ ገዝቶ ይሆን ብዬ ማሰቤ አልቀረም። አስቤም መሸጡን አልተውኩም።

ጳጉሜ 1 ቀን ጁምዓ ነበር። እናቴ ቡና ልታፈላ ጓዳ ስትገባ እህቴ በኢሞ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ወንድምዬ፣ ስልኩን መቼ ነው የምትሰጣት?» አለችኝ።

«የትኛውን?»

«ያንተን ነዋ! አዲሱ ሲወጣ ይሄ ያንቺ ነው ብለሃት የለ? የሷ ስክሪን ከተሰነጠቀ ወዲህ እኮ ጉንጬ ላይ ጥቁር ነገር ይታያታል። በየሳምንቱ ‹ማን መታሽ?› ትለኛለች። ማንም አልመታኝም ብል አታምነኝም።»

ብያታለሁ። ዓመት አልፎት ነበር፤ ቡና እየጠጣሁ የተናገርኩት ነው። እኔ ረሳሁት፤ እሷ ስትቆጥር ከርማለች። ያ ሁሉ «ወጣ ወይ?» ለአፕል አልነበረም።

እናቴ ረከቦቱን ይዛ ስትገባ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ስልኩ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። «ሰኞ» አልኳት።

ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ትዕይንቱን አላየሁም ብል ዋሸሁ፤ እስከ መጨረሻው አየሁት። አማረኝም። ብዙ የተወራለት የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ግን ስልኩ ለሽያጭ በቀረበ ዕለት ገና አልነበረም፤ ከወር በኋላ ነው የተጀመረው፣ ያውም በእንግሊዝኛ ብቻ። በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ባትሪውን አስቀየርኩ። 46 ሺሁን የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር ተካፈለው።

አይፎን 16 ሱቅ የገባው መስከረም 10 ቀን ነው፤ እሱም ጁምዓ ዋለ። እናቴ በአዲሱ ስልኳ፣ ማለት በእኔው አሮጌ፣ እህቴን አገኘቻት። እንደ ልማዷ ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«ወደ መብራቱ ዙሪ እስቲ» አለቻት። ዞረች። «በዚያኛውም በኩል።» ዞረች።

«የለም» አለች እናቴ።

«አልነበረም እኮ እማዬ» እህቴ እየሳቀች ነው፤ ግን ዓይኗን ትጠርጋለች።

የተሰነጠቀውን እኔ ኪሴ ከተትኩት። ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ እናቴ ወደ እኔ ዞረች፦

«ያንተስ? አልወጣም እንዴ?»

«ወጥቷል» አልኳት፤ ስኒዬንም ለቡና ዘረጋሁ።