ቅርቡን ብቻ ለሚያይ ዓይን የሚገባ ጥንቃቄ

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስንሆን፥ መነጽራችን 10 ዲዮፕትር ነውና ያለ እርሱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ወዲያ ያለውን ፊደል አንለይም። በጥር 2015 ዓ.ም. ወደ አንኮበር ስንወርድ፥ ከአንድ አውድማ አጠገብ ከመኪና ብንወርድ ነፋስ እብቁን አንሥቶ ዓይናችን ውስጥ ጨመረው። አንዲት እናት በምላሳቸው ሊያወጡልን ቀረቡ፤ ልማዱ የፍቅር ነው እንጂ ንጹሕ አይደለምና አመስግነን እንቢ አልን። ሳናሽም በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አጠብነው፤ መስተዋት እስከ አፍንጫችን አቅርበን ብናይ ጉድፉ ወጥቷል። (የእኛ ዓይን ትርፉ ይህ ብቻ ነው።)

ነገር ግን ያስቀመጥነውን መነጽር ስንዳብስ የመኪናው በር ጫፍ ያንኑ ዓይን መታው። ስላልደማ ናቅነው። ማታ በጨለማ መብረቅ የመሰለ ብልጭታ፥ በማግስቱም ብዙ ጥቁር ትንኞች ታዩን። እብቅ የቀረ መስሎን እንደገና አጠብን፤ ትንኞቹ ግን ከውስጥ ነበሩ።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ደረስን። ሐኪሙ እንደ ነገሩን፥ እንዲህ ያለው ዓይን ኳሱ ስለሚረዝም ሬቲና የሚባለው የውስጥ ሽፋኑ ይሳሳል፤ በምትም ሊቀደድ ይችላል፤ ካልታከመም ተላቆ እንደ መጋረጃ ብርሃንን ይጋርዳል። ቀዳዳውን በሌዘር አጣበቀው።

ይህን የምንጽፈው በዚያው ዓይን ነው። ሁለቱ ትንኞች ግን እስከ ዛሬ አልሄዱም፤ ነጭ ወረቀት በዘረጋን ቁጥር ከፊደሉ መካከል ይገባሉ።