ቀልሃው ባዶ ነው ወይ?

እስቲ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ ስለ ቀልሃ እንጫወት። ጥይቱ ተተኩሶ ሲያበቃ መሬት ላይ የሚቀረውን የናስ ቅርፊት ማለቴ ነው።

ወለጋ ይህን ዕቃ በደንብ ያውቀዋል። ሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነጓደኞቹ ሲገድሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ጥይት የሚያቀብል መንግሥት ከኋላቸው አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች የማርትሬዛ ብር ሲመነዘር ከአሞሌ ጨው ጎን የውጅግራ ጥይት ይቆጠር ነበር። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ የግራ ጠመንጃ ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ያ ገንዘብ በአንድ ቃታ ያልቅ ነበር፤ የሚተርፈው ቀልሃው ብቻ።

ናስ ለምን ተመረጠ? የቀልሃ ናስ 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል ይለጠጥና የጠመንጃውን ጉሮሮ ይደፍናል፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት አይመለስም። ግፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ሰብሰብ ስለሚል በቀላሉ ይወጣል። በውጭ አገር ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ አነጣጣሪዎች ናስን የሚመርጡት በዚህ ጠባዩ ነው። እነሱም ቢሆኑ ደጋግመው ያገላብጡታል፤ ናስ በተተኮሰ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳልና። አንገቱ ላይ ስንጥቅ፣ ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ ይጥሉታል። የክላሽ ቀልሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለም ወይም መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ከያዘው ናስ አይደለም።

በእኛ አገር ጥይት ቤት ውስጥ የሚሞላ ነገር አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማምረትንም ይከለክላል። ደግሞም ያለ ልክ የተሞላ ጥይት የሚፈነዳው በባለቤቱ እጅ ውስጥ ነው። ስለዚህ የናስ ቀልሃ ትክክለኛ ቦታው አንጥረኛ ቤት ነው ባይ ነኝ። ለጠመንጃ የደከመ ናስ ለወናፍ ሙሉ ነው፤ ስንጥቁ ሲቀልጥ ይጠፋል። እንጦጦ አካባቢ ያሉ ሴቶች ከቀለጠ ቀልሃ ዶቃና የአንገት ጌጥ ይሠራሉ። ደምቢ ዶሎ ደግሞ በወርቅ አንጥረኞቿ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት፤ ይህ ሥራ እዚያም ቢለመድ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ወለጋ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተኩስ አይታለች፤ ልጆች ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ማንሳት ይወዳሉ። አፉ ክፍት የሆነ፣ ውስጡ የሚታይ፣ ቂጡ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ በመርፌ የተወጋች ከሆነ ቀልሃው ተተኩሷል። እርሳሱ አፉ ላይ ካለ ወይም ክቧ ካልተወጋች ግን እሳት አጠገብ አይቅረብ፣ አይቀጥቀጥ፣ አይፈታ። የተወጋችም ሆና እርሳሱ ካልወጣ ከሽፎ የቀረ ጥይት ነውና አይነካ። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ ሳያነሱት ቦታውን እንዲነግሯችሁ አስተምሯቸው፤ እናንተም ለፖሊስ አመልክቱ።