ሲሮጡ የታጠቁት

ተጎታች ቤት ከባድ ነገር ነው የሚጠየቀው። ተራ ቤት አንድ ቦታ ቆሞ ዝናብና ፀሐይ ከቻለ በቃው። መኪና ደግሞ በጉድጓድ ላይ እየተንገጫገጨ ከሄደ ሥራውን ሠራ። ተጎታች ቤት ግን ሁለቱንም መሆን አለበት። ቀን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጎተተ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ደግሞ ቧንቧው ሳይፈታ፣ ቁም ሳጥኑ ሳይወልቅ፣ ጣሪያው ሳያፈስ ሰው ያስተኛል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ አንዱን ለመግዛት ስትሄዱ የሶፋው ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ “ይሄ ነገር ምን ያህል ጊዜ ተሰጥቶት ተሠራ?” የሚለው ነው።

ይሄን ጥያቄ ይዤ ስዞር የከረምኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። እኛ ቤት የአክስት ልጅ እህት ነች፣ ስለዚህ እህቴ እላታለሁ። ነርስ ነች፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወሩ በ13 ሳምንት ኮንትራት ከሚሠሩት። ሦስት ወር ቴክሳስ፣ ሦስት ወር ኮሎራዶ፣ ሦስት ወር ሌላ ቦታ። በየከተማው አዲስ አከራይ፣ አዲስ ማስያዣ፣ የሰው ምድር ቤት። አንድ ቀን ስልክ ላይ፣ “ሻንጣዬን ፈትቼ ማላውቅ ሰው ሆኛለሁ እኮ” አለችኝ። ሰባት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ፣ ዕቁቡም ወጥቶላታል። የምትፈልገው አብሯት የሚሄድ አንድ በርና አንድ ቁልፍ ነው። “አንተ የጭነት መኪና ትነዳለህ፣ ተሳቢ ታውቃለህ፣ አብረኸኝ እይልኝ” አለች።

የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ተሳቢውን ይዞራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ብየዳ፣ መብራት። ሕግ ነው፣ በኋላ ግን ዓይን ይሆናል። ተጎታች ቤት ስናይ የረዳኝ ይሄው ዓይን ነው።

በሥራ ምክንያት ከቺካጎ ወደ ምሥራቅ በሀይዌይ 80/90 ብዙ ጊዜ አልፋለሁ። ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት የሚባል ካውንቲ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት ተጎታች ቤቶችና የመኖሪያ መኪኖች ከአምስቱ አራቱ ያህል የሚወጡት ከዚያና ከአካባቢው ነው። ሜዳው ላይ ነጫጭ ተጎታቾች ተሰልፈው ይታያሉ፤ ፒክአፕ ያላቸው ሾፌሮች አንድ አንድ እያነሱ ወደየግዛቱ ይጎትቷቸዋል። አብዛኞቹ የታወቁ ስሞች በሦስት ኩባንያዎች ሥር ናቸው፦ ቶር፣ ፎረስት ሪቨርና ዊኔባጎ። ማቀዝቀዣውን፣ ምድጃውን፣ ሻሲውን ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡላቸውም ተመሳሳይ አቅራቢዎች ናቸው። ለዚህ ነው “የቱ ብራንድ ይሻላል?” የሚለው ጥያቄ ብዙ ርቀት የማይወስደው።

የበለጠ የሚናገረው የአከፋፈሉ ነገር ነው። በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሠራተኛው የሚከፈለው በቁጥር ነው። ቡድኑ የቀኑን ኮታ ቶሎ ከጨረሰ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሠራተኞቹ ሥራ የማያውቁ አይደሉም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከአናጺ ቤተሰብ የወጡ አሚሾች ናቸው፣ እጃቸው እንጨት ያውቃል። ግን የሚከፈልበት ነገር ፍጥነት ከሆነ እጅ የሚያውቀውን ሁሉ አይሠራም። በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ ከ600,000 በላይ ወጥተው ተልከዋል፤ ሰው ሁሉ ከኮሮና ሸሽቶ መንገድ የወጣበት ዘመን ነው። አባቶች “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ያሉት ለዚህ ዕቃ ይመስላል። እየተሮጠ ይሠራል፣ እየሮጠ ይኖራል።

መጀመሪያ ያየነው ዳላስ አጠገብ አንድ ትልቅ መሸጫ ውስጥ የቆመ አዲስ ተጎታች ነበር። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የኤሌክትሪክ እሳት ቦግ ይላል፣ ከላዩ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ወጥ ቤቱ ላይ ሰፊ መስኮት። እህቴ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፣ ዝም አለች። እዚያ ቆማ ቡና ስታፈላ እንደታያት ገብቶኛል።

እኔ መሳቢያ ስቤ አወጣሁ። ይሄን ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ መሳቢያውን አውጥቶ በቀዳዳው በእጅ ባትሪ ማየት ነው። ውስጡ ሰጋቱራ፣ የተበተነ የስቴፕለር ሽቦ፣ እንጨቱን ስቶ አየር ላይ የቀረ ብሎን ነበር። ከአልጋው ሥር የማሞቂያው ቱቦ ተጨፍልቋል። ከዚያ ጣሪያውን ማየት እንፈልጋለን አልኩ። ሻጩ፣ “ኢንሹራንሳችን አይፈቅድም” አለ። ጥቂት ተከራክረን መሰላል አስደግፈው ከጎን እንዳይ ፈቀዱልኝ። የአየር ማስወጫው ዙሪያ ማሸጊያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ አልፏል።

“ምን ችግር አለው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው” አለ ሻጩ። ለሽርሽር ለሚገዛ ሰው መልሱ ሊበቃ ይችላል። ለእህቴ ግን ዋስትና ማለት ቤቷ ለሳምንታት ጋራዥ ይቆማል፣ እሷ ሆቴል ታድራለች ማለት ነው። እዚያው በሩ አጠገብ የተለጠፈውን የአርቪ ኢንዱስትሪ ማኅበር ማኅተም አሳየን። ማኅተሙ ዋጋ አለው፣ ግን የሚናገረውን ማወቅ ይገባል። ተጎታቹ ኤንኤፍፒኤ 1192 የሚባለውን የደህንነት ደረጃ ተከትሎ መሠራቱን ነው የሚመሰክረው፤ ስለ ጋዝ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ውሃ መስመር። ብሎኑ እንጨት ውስጥ መግባቱን፣ ስፌቱ በደንብ መታሸጉን አያረጋግጥም።

በሩ ላይ ሌላም ወረቀት አለ፣ ብዙ ሰው የማያነበው። ቢጫ ምልክት ያለበት ሲሆን ተጎታቹ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ይናገራል። ያ ተጎታች 900 ፓውንድ ይላል። ሒሳቡን እዚያው ሠራነው። ማጠራቀሚያው 40 ጋሎን ንጹሕ ውሃ ይይዛል፣ አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፣ ስለዚህ ውሃው ብቻ 330 ፓውንድ ገደማ ወሰደ። የቀረው 570 ነው። ባትሪ፣ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ድስት፣ ምጣድ፣ የአንድ ዓመት በርበሬና ሽሮ። ለቅዳሜና እሁድ የተሠራ ዕቃ ለኑሮ እንደማይበቃ የነገረን ያ ወረቀት ነው። ምድጃው ቦግ እያለ ተለየነው።

መኪና ውስጥ ተቆጥታ፣ “አንተ እንከን ካጣህ አትተኛም” አለችኝ። ትክክል ነች፣ እንከን የሌለው ተጎታች የለም። ስለዚህ እንከኑን ለሁለት ከፈልነው። አንዱ በካቻቪቴና በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ነው፦ የላላ ማጠፊያ፣ የሳተ ብሎን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ሌላው ግድግዳ የሸፈነው ነው፦ የበሰበሰ እንጨት፣ የተሰነጠቀ ብየዳ፣ የላላ ወለል። የመጀመሪያው ዋጋ ለመቀነስ ይጠቅማል። ሁለተኛው ሲገኝ ግን ቁልፉን መልሶ መሄድ ነው።

ሁለተኛውን ዓይነት በአብዛኛው የሚያመጣው ውሃ ነው። ብዙ ተጎታቾች የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው የእንጨት ማዕቀፍ ይቆምና በላዩ ስስ አልሙኒየም ይለብሳል። በሌላው ፋይበርግላስ፣ ስስ ኮምፔርሳቶና ፎም በሙጫ ተጣብቀው አንድ ግድግዳ ይሆናሉ። ውሃ ሲገባ የመጀመሪያው ዝም ብሎ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሁለተኛው ሙጫ ይለቅና ግድግዳው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጣል። እብጠቱ ከፊት ለፊት አይታይም፤ ጥግ ላይ ቆሞ በግድግዳው ርዝመት ባትሪ እያበሩ ማየት ያስፈልጋል። ጣሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስስ ጎማ ወይም ፕላስቲክ ነው፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ማሸጊያ ተደርጎበታል። ማሸጊያው በፀሐይ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየሦስት ወሩ ገደማ ይፈተሽ የሚሉት።

ሁለተኛው ያየነው ተጎታች ከግለሰብ ነው፤ ያገለገለ፣ ዋጋው ደስ የሚል። ገና ስንገባ ኃይለኛ የሽቶ ጠረን ተቀበለን። ከአልጋው በላይ ያለው ጥግ ብቻ አዲስ የግድግዳ ወረቀት ተለጥፎበታል። የእርጥበት መለኪያ ይዤ ነበር፤ ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት፣ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ሌላው ቦታ ላይ 11፣ 12 በመቶ እያለች መጥታ ያ ጥግ ላይ 28 አለች። ከ20 በላይ ከሆነ እንጨቱ ውሃ እየጠጣ ነው ብሎ መጠርጠር ነው። ባለቤቱ፣ “ትናንት ስላጠብነው ነው” አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አመስግነን ወጣን።

እህቴም የራሷ ጥያቄ ነበራት፣ እኔ ያላሰብኩት። አዲሱ ተጎታች ውስጥ ዓይኗን ሲያቃጥላት፣ “ይሄ የአዲስ ዕቃ ሽታ አይደለም፣ ፎርማልዴሃይድ ሊሆን ይችላል” አለች። ታሪኩን ታውቀዋለች። በ2005 ካትሪና ከተባለው አውሎ ነፋስ በኋላ መንግሥት ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ተጎታቾች ውስጥ አስገባ። ሰዎቹ ሳል፣ ራስ ምታት፣ የአፍንጫ መድማት እያሉ አቤቱታ አሰሙ። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ በ519 ተጎታቾች ውስጥ አየሩን ሲለካ አማካዩ በተለመደው ቤት ውስጥ ከሚገኘው በላይ ሆነ። ጋዙ የሚወጣው ተጣብቆ ከተሠራ እንጨት ነው፤ ከኮምፔርሳቶ፣ ከቺፕውድ፣ ከኤምዲኤፍ። በ2010 ልኩን የሚወስን የፌዴራል ሕግ ወጣ፣ ዛሬ የተሻለ ነው። ግን በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ አዲስ ተጎታች ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የራስን ዓይንና ጉሮሮ ማዳመጥ አይከፋም። ጥራት የሚተነፈስም ነገር ነው።

ሦስተኛዋ ትንሽ ነበረች። እንደ ሁለት የእንቁላል ቅርፊት ግማሾች ከላይና ከታች የተገጠመች፣ ሙሉ በሙሉ ፋይበርግላስ። እንደ ስካምፕና ካሲታ ያሉ ጥቂት አምራቾች የሚሠሩት እንዲህ ነው፣ እንደ ጀልባ በቅርጽ ማውጫ እየተፈሰሰ። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ስፌት የላትም። ውሃ የሚገባው በመስኮት፣ በአየር ማስወጫ ወይም መሐል ላይ ባለው መጋጠሚያ ነው፤ እነሱ ደግሞ ይታያሉ። ርዝመቷ 17 ጫማ፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት። ባለቤቶቿ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፣ አሮጌ ደብተር ይዘው ወጡ። መስኮቱ መቼ እንደታሸገ፣ የጎማው ኩሽኔታ መቼ እንደተቀባ፣ ሁሉም በቀን ተጽፏል።

ደብተር ቢኖርም አየናት። ወለሉን በተረከዝ እየረገጥን፣ በተለይ በሩና መጸዳጃው አጠገብ። ከሥር ተኝቼ ሻሲው ብየዳ ላይ ስንጥቅ ፈለግኩ። የውሃ ጎማ አስከፍተን ሃያ ደቂቃ ጣሪያው ላይ አፈሰስን፣ እህቴ ውስጥ በባትሪ ትከታተላለች። አንዱ መስኮት አንጠባጠበ። የጎማዎቹ ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች 2414 ይላሉ፣ በ2014 24ኛው ሳምንት ተሠሩ ማለት ነው፤ ጥርሳቸው ያልተበላ ቢሆንም አርጅተዋል። የሻሲውን ቁጥር በፌዴራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገብተን ያልተጠገነ የጥሪ ጉድለት እንደሌለባት አየን። መስኮትና ጎማ፦ ሁለቱም የመጀመሪያው ዓይነት እንከን።

የቀረው የእህቴ ውሳኔ ነው። ሰፊ መስኮት የለም፣ መጋገሪያ የለም። መታጠቢያው ውስጥ ክንድ አይዘረጋም። አልጋው ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። “የዚያኛውን መስኮት ነው እያሰብሽ ያለሽው?” አልኳት። “አዎ” አለች፣ “ግን በእሱ በኩል ዝናብ ሲገባ ደግሞ እያየሁ ነው።” የአዲሱን ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ወሰደቻት፣ በተረፈው አራት ጎማ ገዛች። ባልየው ደብተሩን አብሮ ሰጣት።

ሰው ሁሉ ፋይበርግላስ ይግዛ አልልም። አራት ልጅ ይዞ 17 ጫማ ውስጥ አይኖርም፣ በጥሩ ቀን በጥሩ እጅ ከኤልክሃርት የወጣ ጥሩ የእንጨት ተጎታችም አለ። ልዩነቱን የሚያሳየው ግን የሻጭ ወሬ ወይም የሶፋው ቆዳ አይደለም። ፋብሪካው የነፈጋትን ጊዜ ባለቤት ሊሰጣት ይችላል፣ ባለቤት የነፈጋትን ግን ማሸጊያ ከላይ ቢቀባ አይመልሰውም። ስለዚህ ያገለገለ ተጎታች ልትገዙ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ “ለመጨረሻ ጊዜ ጣሪያው ላይ የወጣኸው መቼ ነው?” ቀን ከጠራላችሁ መሰላሉን ጠይቁ። “ጣሪያው ምን ሆነ?” ካላችሁ በሩን እንኳ አታስከፍቱ።