የጎማው ዓመተ ምሕረት

መርካቶ ውስጥ ሁሉም ነገር የራሱ ተራ አለው። ሸማው ሸማ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫው ሶማሌ ተራ፣ ተጥሎ የተለቀመው ሁሉ ደግሞ ምናለሽ ተራ። ጎማ ተራ ገና ሳይደርሱበት በሽታው ይታወቃል። ፀሐይ የመታው ላስቲክ ጠረን ከአቧራውና ከሚቆላው ቡና ጢስ ጋር ተደባልቆ ይቀበላችኋል። በሱቆቹ በር ላይ ጎማዎች እንደ እንጀራ ተደራርበው ቆመዋል። ወጣቶች አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጃቸው እያንከባለሉ በሰው መሀል ያልፋሉ፤ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ሲሉ ዞር ካላላችሁ ቀሚሳችሁ ላይ ጥቁር ክብ ይቀራል። የሚነገረው ቋንቋም የራሱ ታሪክ አለው። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነው የቀሩ ቃላት ናቸው።

በግንቦት 2017 ወደዚህ ሰፈር የሄድኩት ከልጄ ጋር ነው። እሱ የሚነዳው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 የተሠራ መርሰዲስ ኢ ክላስ ነው። መኪናው ዕድሜው ቢገፋም አሁንም የሚያምርና ምቾት ያለው ነው፤ ጎማዎቹ ግን አልቀዋል። በጎማ ጥርስ መሀል ባሉት ቦዮች ውስጥ፣ ከወለሉ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከነዚያ ድልድዮች ጋር እኩል ሲሆን ጎማው አበቃ ማለት ነው። የኛዎቹ እኩል ሆነዋል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሦስቱን የልጅ ልጆቼን ይዘን ሐዋሳ ለመውረድ ቃል ገብተናል። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ ጥርስ የሌለው ጎማ በውሃ ላይ መሬት አይቆነጥጥም።

«እማዬ፣ አንቺ ዋጋ ማስቀነስ ትችያለሽ፤ ነይ አብረን እንሂድ» አለኝ።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለዚህ መኪና ስማቸው የገነነ የአውሮፓ ጎማዎች አራቱ ሲደመሩ ከአንድ ዓመት የጡረታ አበሌ ይበልጣሉ። ስለዚህ ልጄ ሦስት መንገድ አስቦ ነበር። አንደኛው አዲስና ውድ፣ ሁለተኛው አዲስና መካከለኛ፣ ሦስተኛው ከሌላ መኪና የወረደ ነገር ግን ጥርሱ ያላለቀ። ልቡ ወደ ሦስተኛው አዘንብሎ ነበር። አልፈረድኩበትም፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው።

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ባለቤት ትሑት ወጣት ነበር። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። የጎማውን ቁጥር ጠየቀንና ልጄ ነገረው፦ 225/55 አር 16። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር ለነጋዴና ለጎሚስታ ብቻ የተጻፈ አድርገን እናየዋለን። ነገሩ ግን ቀላል ነው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 55 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 55 በመቶ መሆኑን ይናገራል። አር የውስጡን ሽቦ አሠራር ያመለክታል፤ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ ትንሽ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። የኛው 95 ይላል፤ አንዱ ጎማ እስከ 690 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 91 ቢሆን ኖሮ 615 ኪሎ ነበር። ፊደሉ ጎማው የሚችለውን ፍጥነት ይነግራል፦ ቲ ቢሆን 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ወጣቱ በ55 ፋንታ 60 የሚል ጎማ አወጣና «እናቴ፣ ይሄም ይገባል፤ ዋጋው ይሻላል» አለኝ። መግባቱን ይገባል። ግን ጎማው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚተልቅ መኪናው ፍጥነቱን የሚቆጥረው አሳንሶ ነው፤ ሰሌዳው 100 ሲል እናንተ 103 ትሄዳላችሁ። መሪ ሲጠመዘዝም ከመኪናው አካል ጋር ሊፋተግ ይችላል። ልጄ ራሱ «አይሆንም» አለው።

ቀጥሎ ያመጣው የምንፈልገው ቁጥር ያለው፣ አዲስና አንድም ቀን መንገድ ያልነካ፣ ስሙም የታወቀ የአውሮፓ ጎማ ነበር። ዋጋው ደግሞ ከጠበቅነው በታች። የልጄ ፊት በራ። እኔ መነጽሬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩ።

የነርስነት ትምህርት ስንማር ከሁሉ በፊት የተነገረን የመድኃኒት ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይነበባል የሚለው ነው፦ ከመደርደሪያው ስታነሣ፣ ስትቀዳ፣ ብልቃጡን ስትመልስ። ጡረታ ብወጣም ዓይኔ ከዚያ ልማድ ጡረታ አልወጣም። ጎማም ልክ እንደ መድኃኒት ቀን አለው። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ የሚሉ ፊደላትን ተከትሎ የሚሄድ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጽሑፉ በአንዱ ጎን ብቻ ተሟልቶ ሊጻፍ ስለሚችል ካላገኛችሁት ጎማውን አገላብጡት።

«2617» ይላል።

«ይኸው እናቴ፣ ይዩት፤ 2017! የዘንድሮ ምርት ነው» አለ ወጣቱ በኩራት።

«ልጄ፣ ይህን ጎማ የሠራው ሰው መስከረም አንድ ዘመን ይለውጣል እንዴ?» አልኩት።

ልጄ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። 17 የሚለው የፈረንጆቹ 2017 ነው። 26ኛው ሳምንት በኛ አቆጣጠር ሰኔ 2009 መጨረሻ ላይ ይውላል። ያ ጎማ ስምንተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በኛ 2017 የተሠራ ጎማ ጽሑፉ በ24 ወይም በ25 ነው የሚያልቀው። ወጣቱን በማታለል አልጠረጠርኩትም፤ እሱም ቁጥሩን እንደኛው ያነበበ ይመስለኛል። ከ24 ይልቅ 17ን የሚመርጡ ብዙ ደንበኞች እንዳሉትም ነገረን። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ያለው የዘመን አቆጣጠራችን ለአሮጌ ጎማ ጥሩ መደበቂያ ሆኗል።

አዲስ ሆኖ የተቀመጠ ጎማ ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። አየር፣ ሙቀትና ፀሐይ ያደርቁታል፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያያዙት ንብርብሮች ይላላሉ። የመርሰዲስ መመሪያ መጽሐፍ ጥርሱ ባያልቅም ጎማ ቢበዛ በስድስት ዓመት እንዲቀየር ያዛል። የክትባት ብልቃጥ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙ የሚለወጥ ምልክት አለ፤ አይታችሁ ትጥሉታላችሁ። ጎማ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። የሚናገረው በአራት አኃዝ ብቻ ነው።

ከሌላ መኪና የወረዱትንም አየን። አንዱ 2214 ይላል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌላው ጥርሱ የሚያምር ነበር፤ በጣቴ ስዳስሰው ግን የቦዮቹ ጠርዝ በስለት የተቆረጠ ነው፣ እነዚያ ትንንሽ ድልድዮችም የሉም። ያለቀውን ጎማ ጠርበው ጥርስ አውጥተውለታል። እንዲህ ሲደረግ የሚነካው ሽቦውን የሚሸፍነው ስስ ላስቲክ ነው። ልጄ ጎማውን መለሰና እጁን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ስለ አሮጌ ጎማ አላነሣም።

በአምስተኛው ሱቅ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ ስሙ ያልገነነ የእስያ ጎማ አገኘን። 225/55 አር 16፣ 95፣ ቪ። ጽሑፉ 4124። ይህ በኛ የመስከረም 2017 መጨረሻ ግድም መሆኑ ነው። አራቱንም አንድ በአንድ አገላብጬ አነበብኩ፤ ከአራቱ አንዱ የተለየ ቀን ነበረውና አስለወጥነው። ዋጋ ማስቀነሱን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ትኩስ የሆነና ቁጥሩ የገጠመ መካከለኛ ጎማ፣ መጋዘን ውስጥ ካረጀ ባለስም ጎማ ይሻላል። ከዚያ ቀን ሌላ ነገር ባትይዙ ይህን ያዙልኝ።

ጎሚስታው ዘንድ ሁለት ሰዓት ገደማ ተቀመጥን። አዳዲስ ቫልቭ ገባ፣ ባላንስ ተሠራ፣ ከዚያ የጎማ አቅጣጫው ተስተካከለ። ነፋሱን ሲሞላ «ስንት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ መኪና መልሱ የነዳጅ መክፈቻው ክዳን ውስጠኛ ክፍል ላይ ተለጥፏል፤ በብዙ መኪኖች ደግሞ የሹፌሩ በር ጎን ላይ ነው። ባዶውንና ሰውና ዕቃ የሞላውን ለየብቻ ይጽፋል። የምትለኩትም ጎማው ሳይሞቅ ነው። የደም ግፊት ደረጃ ወጥቶ እያለከለከ የመጣ ሰው ላይ አይለካም፤ ጎማም እንደዚያው ነው።

ጎማ ሻጩ አሮጌዎቹን ብንተውለት ጥቂት ብር እንደሚቀንስልን ነግሮን ነበር። ልጄ ሊስማማ ሲል ከለከልኩት። ስምንት ሰው የሚጭን አንድ ታክሲ ላይ እንደማይገቡ ማን ዋስ ይሆነናል? ምናለሽ ተራ ወስደን ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ለሚሠሩ አንድ አባት ሰጠናቸው። «ሽቦ ያለበት ቢላዋዬን ይጎዳብኛል፤ የከባድ መኪና ነበር የምወደው» ብለው ካጉረመረሙ በኋላ ጎን ጎኑን ለመውሰድ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጎማ ሲሰነጠቅ እስካይ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሰኔ ላይ ወረድን። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያገለግለው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያስኬዳል። ከተማ ውስጥ በ40 ስንሄድ የማናውቀው የጎማ ድካም የሚገለጠው እዚህ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በየዙሩ ጎኑ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይላላል። ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥተን፣ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ወርደን ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ስንገባ አስፋልቱም ይግላል። በመንገዱ ዳር እንደ እባብ ቆዳ የተጠቀለሉ ጥቁር የጎማ ቁርጥራጮች ታያላችሁ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ያ ምንድን ነው?» አለችኝ። «የአንድ ሰው ጎማ ነው» አልኳት። ቀሪውን አልነገርኳትም። እኔ በሥራ ዘመኔ ቀሪውን በአልጋ ላይ ተቀብዬዋለሁ።

ለልጄ ግን አንድ ነገር ደግሜ ነገርኩት፤ ለእናንተም ይሁን። በፍጥነት ላይ ጎማ ቢፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጉት፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መኪናው ራሱ ሲቀንስ ዳር ያዙ።

ከሞጆ ተገንጥለን በቆቃ በኩል መቂ አለፍን፤ ባቱ ላይ ዓሣ በላን። ከባቱ ወዲያ አህያውም ባጃጁም ከኛ ጋር መንገድ ይጋራል፤ ላንጋኖ በግራ በኩል ብቅ ይላል፤ ሻሸመኔ ላይ ዝናብ ተቀበለን። መኪናው ውሃውን እየሰነጠቀ ሳይንሸራተት አለፈ። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ተኝተው ነበር።

በዚህ ክረምት የልጅ ልጆቻችሁን ጭኖ የሚሄድ መኪና ካለ፣ ሹፌሩ ማንም ይሁን፣ ከመነሣታችሁ በፊት መነጽራችሁን አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። አራቱንም ጎማ አንብቡ፤ ትርፉንም ጭምር። የሚያስወስደው አምስት ደቂቃ ነው። ባለመኪናው ቢያኮርፍ ያኩርፍ፤ አያት ሲነበንብ ነው የሚያምርበት።