ሲዲው ለጊዜው አይጣል

የአባቱን የሙዚቃ ሲዲዎች ላፕቶፕ ላይ ኮፒ ያደረገ ሰው "ተጠናቀቀ" የሚለውን ጽሑፍ ሲያይ ዲስኮቹን ሊጥል ይነሳል። ይቆይ!

ሲዲ ሙዚቃን በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ቁጥር አድርጎ ይይዛል። ጭረት ሲያጋጥም ማጫወቻው በማረሚያ ኮዱ ይጠግነዋል፤ ካልቻለ በአጠገቡ ካሉት ቁጥሮች ገምቶ ይሞላዋል። ጆሮ ላያውቀው ይችላል፣ ፋይሉ ግን ጎድሏል። መገመትም ሲያቅተው "ጧ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

ዲስኩን ከመሃል ወደ ጠርዝ ይጥረገው (እንደ ሸክላ ዙሪያውን አይደለም)፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ሁለቴ ኮፒ ያድርግና ያነጻጽር። ከተለያዩ ሌላ ድራይቭ ይሞክር።

ሰው ለሚያብረቀርቀው ፊት ይሳሳል፤ ሙዚቃው ግን ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው። ከታች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ፕላስቲክ ስላለ ጭረቱ ተወልውሎ ሊድን ይችላል። ከላይ ያለው ስስ ቫርኒሽ ነው። እዚያ ከተፋቀ፣ አልበሙን የሸጠው ሙዚቃ ቤትም ከተዘጋ፣ ሌላ ቅጂ ያለው ዘመድ ከመፈለግ ውጪ መላ የለውም።