ሰዓታችን ጆንያ ነው

አትሌት ዓመት ከዓመት የሚሻሻለው ጠንካራ እግር ስላለው ብቻ አይደለም። ሰዓት ስላለው ነው። አምና በስንት እንደገባ ያውቃል፤ ዘንድሮ በስንት እንደገባም ያውቃል። ሰዓት ደግሞ ለማንም አያደላም፣ ማንንም አያባብልም። በመተማና በጋላባት በኩል ባቄላና ሽንብራ፣ በርበሬና ሽሮ ይዘን ገዳሪፍና መፋዛ ድረስ የምንመላለስ እኛስ? ከአምናው መሻላችንን በምን እንለካለን?

መጀመሪያ ትንሽ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከአትሌቶቻችን እንይ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። 25 ዙር ተሮጦ ወርቅና ብርን የለየው ዐይን እስኪርገበገብ እንኳን የማይቆይ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የበርሊንን ማራቶን በ2:04:26 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በዓመቱ እዚያው በርሊን በ2:03:59 ገባ። የጨመረው 27 ሰከንድ ነው። የዓለም አንደኛ ሰው ለ27 ሰከንድ ዓመት ሙሉ ከለፋ፣ እኛ ጆንያ ስር የሚፈሰውን ግማሽ ኪሎ የምንንቅበት ምክንያት የለም።

እስቲ እናስላው። ከአንድ ኩንታል ግማሽ ኪሎ በመንገድ ይፍሰስ እንበል። 10 ኩንታል ስንጭን 5 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። በዓመት 20 ጊዜ ብንመላለስ 100 ኪሎ፣ አንድ ሙሉ ኩንታል ይሆናል። መርፌና ሲባጎ ይዞ ጆንያን ደግሞ መስፋት የአንድ ኩንታል ሥራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። እንቁላሉ የሚሄደው ግን የምትታቀፈው ዶሮ ስላለች ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ እንቁላል ይበላሻል እንጂ አይሄድም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። አትሌት የሚሮጥበት መም ሌሊት አይረዝምበትም፤ የእኛ ይረዝማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በወዲያኛው በኩልም ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ከጀመረ ወዲህ የሱዳን ጊኒ እየወረደ ነው። በንግድ ዲፕሎማ የተማርነው የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ በገንዘብ የሚሠራ ነው። ገንዘቡ ራሱ ሲያጥርና ሲረዝም ግን ያንን ብቻ ይዞ መሄድ በተበላሸ ሰዓት እንደ መሮጥ ነው።

ከመካከላችን አንዲት እህታችን ደብተሯን ገልጣ አሳየችን። በብር ሲታይ ገንዘቧ አድጓል። ቀድሞ ያ ገንዘብ 12 ኩንታል ባቄላ ይገዛላት ነበር፤ አሁን ያደገው ገንዘብ የሚገዛው 9 ነው። እሷ ግን ልጇን ለማስመዝገብ ከትርፉ ልታነሳ ነበር የመጣችው። ትርፍ የተባለው ሦስት ኩንታል የጎደለው ዋና ገንዘቧ ነው። ብታነሳ 8 ወይም 7 ይቀራታል። ባታነሳ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ይመለሳል።

ክርክር ሆነ። ገሚሶቻችን የልጅ ነገር አይቆይም፣ ታንሳ አልን። ገሚሶቻችን ዋናው ካለቀ የሚቀጥለውን ዓመት ማን ይከፍላል አልን። በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ፣ «ብሩ ዝም ይበል፣ ጆንያው ይናገር» አሉ። ከዚያም የዕቁብ ዕጣቸውን ለእሷ ለቀቁላት። ልጁ ተመዘገበ፤ 9 ኩንታሉም ሳይነካ ቀረ።

በትልልቅ ማራቶኖች አሯሯጮች አሉ። ከፊት ሆነው ፍጥነቱን ይጠብቃሉ፣ ነፋሱን ይከላከላሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ኃይሌም በርሊን ላይ አሯሯጮች ነበሩት። ዕቁባችን እንዲህ ነው። ሩጫውን የምትጨርሰው ባለቤቷ ናት፤ ነፋሱን ግን ብቻዋን አትጋፈጥም። ደግሞ ተራ አለው፤ ዛሬ ከፊት የሆነች ነገ ከኋላ ትሆናለች።

መንገድ ሲዘጋስ? ትዕግሥት አሰፋን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በኋላ ወደ ማራቶን ዞረች። በ2022 በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በ2023 እዚያው በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሩጫ አልተወችም፤ ርቀቱን ቀየረች። ድንበሩ ሲዘጋ መተማ ወይም ጎንደር ላይ ያንኑ ሽሮና በርበሬ በኪሎ አሽጎ መሸጥም ርቀት መቀየር ነው። ትርፉ ቢያንስም ጆንያው አይጎድልም።

አትሌት ዓመቱን ሙሉ አይወዳደርም፤ የሚያርፍበትና የሚጠግንበት ጊዜ አለው። የእኛ ጊዜ ክረምት ነው። የገዳሪፍ ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ መኪና ይይዛል፣ መንገዱም ይከብዳል። ያ ጊዜ ለደብተር ይሁንልን። ለእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ነገር እንጻፍ፦ ስንት ጆንያ ተጫነ፣ ስንት ኪሎ ደረሰ፣ የተሸጠበት ገንዘብ መልሶ ስንት ኩንታል ገዛ። ሦስተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ብልጫው ትርፋችን ነው፤ ለቤት ይነሳል። እኩል ከሆነ ቆመናል። ካነሰ፣ እጃችን ላይ ያለው ብር የቱንም ያህል ቢወፍር ከእሱ አናንሳ።

መጻፍ የማትችል እህት ካለች ልጇ ይጻፍላት። ልጁም የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።